የሃያትን ሥራ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ እዚህ ልቁም ብዬ ሽማግሌዎቹን የለመንኩት እኔው ነኝ። ሦስት እሁድ ሙሉ ልነሳ እያልኩ ፈርቼ ተቀምጫለሁ። ከዚህ በላይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ስሜ ቤተልሔም ነው፤ መካኒሳ ነው ያደግኩት። የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ስላልመጣልኝ ሰፈራችን አጠገብ ካለ ኮሌጅ አይቲ በዲፕሎማ ገባሁ። ያኔ ጌታን አላውቀውም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ «ቤቲዬ፣ አንቺ ከወደቅሽ ሁላችንም ወደቅን» ትለኝ ስለነበር፣ የማውቀው አለመውደቅን ብቻ ነበር።

ሃያት የምትባል ልጅ አብራኝ ትማር ነበር። ቤተሰቦቿ ለቡ የቀለም መሸጫ አላቸው። ያልገባኝን ሁሉ የምታስረዳኝ እሷ ነበረች። ለመመረቂያዋ የጤና ጣቢያ ካርድ የሚፈልግ ፕሮግራም ሠራች፤ የታማሚው ስም ሲጻፍ ካርዱ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይናገራል። መምህራችን አይተው «ይሄማ ሥራ ላይ መዋል አለበት» አሉ። የእኔው ደግሞ ገና ሲከፈት ይዘጋል።

ሥራችንን ልናቀርብ አንድ ቀን ሲቀረን ኮሌጁ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቀትር ላይ ሃያት ለሰላት ተነሳች። «ቤቲ፣ ፍላሼ እዚህ እንደተሰካ ነው፤ አደራ እዪልኝ» ብላኝ ወጣች።

ከእሷ ሥራ ጎን የእኔ ሲታይ እወድቃለሁ ብዬ ፈራሁ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አጠፋሁት! ኮምፒውተሩ ላይ ያለውንም፣ ፍላሹ ላይ ያለውንም። ተመልሳ ስታለቅስ «ቫይረስ ይሆናል» ያልኳት እኔ፤ አቅፌ ያባበልኳት እኔ!

እኔ እንደምንም አለፍኩ። እሷ ለሚቀጥለው ዓመት ድገሚ ተባለች፤ አባቷም «በቃ፣ ሱቅ ቁሚ» አሏት።

ተመርቄ አንድ ቢሮ ተቀጠርኩ። ከዚያ ጀምሮ ዕረፍት የሚባል ነገር ጠፋ። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ልቤ ይደልቃል፣ ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። እነሳለሁ፣ ኮሪደሩ ላይ እመላለሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። ታክሲ ውስጥ ሳልደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ ወርጄ በእግሬ እከንፋለሁ። ወዴት እንደምቸኩል እኔም አላውቅም።

እናቴ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ የልቤን ምርመራ አይቶ «ልብሽ ጤነኛ ነው። የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት። ዋሸሁ።

ጎረቤታችን እትዬ አስቴር፣ ያውና እዚያ ተቀምጠዋል፣ እጄን ይዘው እዚህ ቤት አመጡኝ። እዚችው ቦታ ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ! ሦስት ቀን እንደ ሕፃን ተኛሁ። በአራተኛው ቀን መንቀጥቀጡ ተመለሰ።

«ጌታ አልተቀበለኝም እንዴ?» ብዬ ወደ እትዬ አስቴር ሮጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና «እሱማ ተቀብሎሻል። ለሃያትስ ነግረሻታል?» አሉኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተናደድኩባቸው። ንስሐ ገብቻለሁ አይደል እንዴ?

ቃላቸው ግን አልለቀቀኝም። የለቡ ታክሲ ያዝኩ፤ መንገድ ላይ ወርጄ ተመለስኩ። በሌላ ቀን ደግሞ ሄድኩ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ስጸልይ ሃያት አየችኝና «ቤቲ! ምነው ጠፋሽ?» ብላ በደስታ ልታቅፈኝ መጣች። «አትቀፊኝ» አልኳት። ነገርኳት።

የያዘችውን ቆርቆሮ መሬት አስቀመጠች። «ያን ቀን ስሰግድ እኮ ላንቺም ዱዓ አድርጌ ነበር። ሥራሽ እንዲሳካልሽ» አለችኝ። «አሁን ሂጂልኝ» አለችኝ፤ ሄድኩ።

በማግስቱ ኮሌጅ ሄጄ ለክፍሉ ኃላፊ ተናገርኩ። «ዲፕሎማሽን ልንይዘው እንደምንችል ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አውቃለሁ» ብዬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። ዲፕሎማ ስለሌለኝ የቢሮ ሥራዬም በዚያው ቀረ። እናቴ «ማን ጠየቀሽ? ያለፈ ነገር!» ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ።

ግን ክብር ለጌታ ይሁን፣ ለሃያት ከዘንድሮ ተመራቂዎች ጋር እንድታቀርብ ፈቀዱላት። ፕሮግራሙን ከባዶ ጽፋ አቀረበች፤ አለፈች! ራሷ ደውላ ነው የነገረችኝ። «ይቅር ብዬሻለሁ ቤቲ። እንደ ድሮው ለመሆን ግን ጊዜ ስጪኝ» አለች። እሰጣለሁ። ይሄም ለእኔ ብዙ ነው።

እኔም ኮሌጁ እንድደግም ስለፈቀደልኝ ከትንንሾቹ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ የመመረቂያ ሥራዬን እንደገና እየሠራሁ ነው። ያፍሩኛል፣ ይስቁብኛል፣ ይጠይቁኛል። ጣቶቼ ግን አይንቀጠቀጡም፤ ጌታ ፈወሰኝ! እግሬ አንዳንዴ መቁነጥነጡ አልቀረም፤ አልዋሻችሁም፤ ያኔ ጌታን «አብረኸኝ ነህ» እለዋለሁና እቀመጣለሁ።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ ልትሄዱበት የምትፈሩት በር ያላችሁ ካላችሁ፣ ጌታን ታመኑት። እኔን በሩ ላይ ትቶኝ አልተመለሰም፤ አብሮኝ ገባ። ስሙ ለዘላለም ይባረክ!