ጭስ ማውጫ የሌለው ምድጃ

ሴልዊን ግሪንውድ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው በሰው ቤት ጥላሸት ነው። አባቱም የጭስ ማውጫ ጠራጊ ነበሩ። በቶድሞርደን ከተማ፣ ከሸለቆው ግርጌ እስከ ተረተሩ ጫፍ፣ ሴልዊን እጁን ያላስገባበት ምድጃ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሌሎቹ ጠራጊዎች ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እሱ ግን ብሩሹን ከሰበሰበ በኋላ ምድጃው ሥር ተንበርክኮ ወደ ላይ ያንጋጥጣል፤ ጭሱ የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ ለምን የአንዱ ቤት እየሳበ የሌላው እንደሚተፋ ሳይገባው አይነሣም። ሚስቱ ሞሪን ይህን ስለምታውቅ ራት አቀረብኩ ብላ አትቸኩልም ነበር።

ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ሥራውን ተወ። ሞሪንም ዳሌዋን እያመማት ደረጃ መውጣት ስላቃታት፣ የድንጋይ ቤታቸውን ሸጠው ኮረብታው ወገብ ላይ ወዳለች ደረጃ የሌላት ትንሽ ቤት ገቡ። ቤቲቱ አዲስ ናት፤ መስኮቷ ድርብ መስታወት፣ ግድግዳዋ ብርድ የማያስገባ። ጭስ ማውጫ ግን የላትም። ሴልዊን በገቡ ሰሞን ደጅ እየቆመ ጣሪያውን ያይ ነበር። ቤቲቱ ኮፍያውን አንድ ቦታ ረስቶ የመጣ ሰው እንደምትመስለው ለሞሪን ነገራት።

ሞሪንን የናፈቃት ነበልባል ነው። የኤሌክትሪኩ ማሞቂያ እግር ያሞቃል እንጂ ዐይን የሚያሳርፍበት ነገር የለውም። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ፣ ጭስ ማውጫ የማይፈልግ የጋዝ ምድጃ አይታ መምጣቷን አወራችው። ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ሙቀቱ በጣሪያ የሚያመልጥበት መንገድ ስለሌለ ሁሉም እቤት ይቀራል ብለዋታል ሻጮቹ።

ሴልዊን ሹካውን አስቀመጠ። በወጣትነቱ የገባበት አንድ ቤት ትዝ አለው። ቁራ ጭስ ማውጫው ውስጥ ጎጆ ሠርታ፣ መውጫ ያጣው የከሰል አየር አንዲት ባልቴትን ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ራሳቸውን አስቷቸው ነበር። ተሸክሞ ያወጣቸው እሱ ነው። ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ልጃቸውን ግን ከዚያ ወዲህ በስሟ መጥራት አልቻሉም።

«ሙቀቱ እቤት ከቀረ ሌላውስ የት ይሄዳል?» አላት።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ ሴል? የሚገጥመውን ሰው ጠይቀው።»

የሚገጥመው ሰው ሴት ሆና መጣች። ኮሌት ትባላለች፤ እጇም አፏም ፈጣን ነው። ክፍሉን ለካች፤ መስኮቱ በደንብ እንደሚከፈት አየች፤ ከዚያም የውጭውን ግድግዳ በስታ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ሠራች። ሴልዊን ከጀርባዋ አልጠፋም። ለጥያቄው ሁሉ መልስ ነበራት፦ ጋዙ ንጹሕ ሆኖ ይነድዳል፤ የሚተርፈውን መርዝ ከነበልባሉ በላይ ያለው ማጣሪያ ወደማይጎዳ አየር ይለውጠዋል፤ የክፍሉ አየር ከሳሳ ደግሞ ምድጃው በራሱ ይጠፋል። ማጣሪያውን ካላየሁ ብሎ ለመናት። የማር እንጀራ የመሰለ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ነገር ነው። ወደ ብርሃኑ አዙሮ ሲያየው ቆየ።

«እንግዲህ እኔን ከሥራ ያባረረኝ ይሄ ነው?»

«ጡረታ ወጣሁ ብለውኝ አልነበር፣ ሚስተር ግሪንውድ?» አለችው ካቻቪቴዋን ማዞሯን ሳታቆም።

«ወጥቻለሁ። ቢሆንም ያባረረኝን ባውቀው ደስ ይለኛል።»

ኮሌት ሳቀች። መርዛም አየር ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ግድግዳው ላይ ሰቀለችላቸውና፣ የቱንም ያህል ቢበርዳቸው ቀዳዳውን እንዳይደፍኑ አደራ ብላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሴልዊን ሥራ አገኘ። ማንኪያ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይቶ ሙቀቱ ከሚወጣበት በላይ ሲይዘው ማንኪያው አላበው። ላቡን ቀመሰው፤ ጋዙ ሲነድ የሚወልደው ውሃ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ የሚያነባው ከዚህ የተነሣ እንደሆነ ገባው። ያን ሁሉ ዘመን በጥላሸቱ መሃል ውሃ ሽቅብ ሲያልፍ አላየውም ነበር። ቀጥሎ ሶፍት በቀጭኑ ቀዶ ቀዳዳው ፊት አንጠለጠለ። ሶፍቱ ወደ ውስጥ እየተርገበገበ ምድጃው አየር መሳቡን ያሳየው ጀመር። ሞሪን ድመት ማሳደግ ይቀላል እያለች ታሾፍበታለች።

በጥር ከተረተሩ የሚወርደው ነፋስ በረታ። የሞሪን ወንበር ከቀዳዳው አጠገብ ስለነበር ብርዱ ማጅራቷን ያዛት። አንድ ቀን ከሰዓት ሴልዊን ከቤተ መጻሕፍት ሲመለስ ቤቱ ከወትሮው ይሞቃል፤ መስኮቱ ግን ከላይ እስከ ታች ይንጠባጠባል። ካፖርቱን ሳያወልቅ ነበልባሉ ዝቅ ዝቅ አለና ጠፋ። መርዙ ገና ስላልተፈጠረ የተሰቀለው መሣሪያ አልጮኸም። ሴልዊን መጀመሪያ መስኮቱን ከፈተ፤ ቀጥሎ ሶፍቱን አየ። አይንቀሳቀስም። ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ሰድዶ ሲስብ የሞሪን የሱፍ ካልሲ ተከትሎ ወጣ።

ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ካልሲውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጠገቧ ተቀመጠና የባልቴቲቱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። በትዳራቸው ዘመን አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም።

«ለምን እስከ ዛሬ ደበቅከኝ?» አለችው።

«ጥላሸቱን ደጅ አራግፌ አልነበር የምገባው? ያንንም አብሬ ያራገፍኩት መስሎኝ ነው።»

ሞሪን እጁን ያዘችው። ክፍሉ እስኪነፍስበት ድረስ ሁለቱም ካፖርት ደርበው ተቀመጡ። ኮሌት በማግስቱ መጥታ ምድጃውን መረመረችና ደኅና ነው አለች፤ ከውጭ በኩልም ነፋስ የሚሰብር ክዳን አበጀችለት። የሞሪን ወንበር ወደ ማዶው ግድግዳ ተሻገረ። ያን ያህል እሳት ለካ አያስፈልጋቸውም ኖሯል፤ በዝቅተኛው ነበልባል ቤቱ ይሞቃል።

ሴልዊን ግን ከነበልባሉ ፊት አልጠፋም። ምን እያየ እንደሆነ ሞሪን ስትጠይቀው፣ ዕድሜውን ሙሉ ጭሱ ወዴት ይሄዳል እያለ ሲጠይቅ እሳቱ ከየት ይመጣል ብሎ አለመጠየቁ እንደገረመው ነገራት። ግንቦት ላይ ጋዙ ከባሕር ሥር ተነሥቶ ወደ ምድር የሚገባበትን የምሥራቁን ጠረፍ ሊያዩ በአውቶቡስ ሄዱ። የሚታየው የሽቦ አጥርና ጸጥ ያለ ቧንቧ ብቻ ነው። ሴልዊን አጥሩን ተደግፎ ዘበኛውን በጥያቄ ያዘው። ሞሪን አግዳሚው ወንበር ላይ ዓሣና ድንች ጥብሷን ስትበላ ቆየችና የእሱ እየቀዘቀዘ መሆኑን ነገረችው። መጣሁ አላትና ዘበኛውን አንድ ጥያቄ ጨምሮ ጠየቀው።