ሆዱን ከፍቶ የሚውለው የሳዳ ኮምፒውተር

ዛሬ ሁሉም በስልኩ ቀርጾ እዚያው ስለሚያየው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ያኔ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ ሐረር ላይ የተዳረች ሴት የሠርጓን ፊልም የምታየው አንዳንዴ የበኩር ልጇን ታቅፋ ነበር። ሳዳ በዚህ ነገር ትናደድ ነበር። ጀጎል ውስጥ፣ በእናቷ ቤት፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው ክፍል አንድ ካሜራና አንድ ኮምፒውተር ይዛ ሠርግ ትቀርጻለች፤ የቀረጸችውንም ራሷ ቆርጣ፣ ቀጥላ፣ ዘፈን ጨምራ ፊልም ታደርገዋለች። እጇ ፈጣን ነው፤ ዓይኗም አይስትም። ኮምፒውተሩ ግን የተቆራረጠውን አንድ ላይ አዋህድ ሲሉት ያንቀላፋል።

ረመዳን አልቆ የሸዋል ሠርግ ሲጀመር ሸምሲያ መጡ። ሸምሲያ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም የሚሸጡ፣ ጠዋት የተናገሩት ቀትር ሳይሆን ሸዋ በር የሚደርስላቸው ሴት ናቸው።

«ስሚኝ ሳዳ» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። «የትልቋን ልጄን ፊልም ድሬዳዋ ነበር ያሠራሁት። ሲመጣልኝ የልጅ ልጄ ጥርስ አብቅሏል። የታናሿን የዘሀራን ፊልም ግን በምልሷ ቀን፣ ዘመድ ተሰብስቦ እያለ ነው የምፈልገው። ከሠርጉ በሳምንቱ ነው ምልሱ። ትደርሽልኛለሽ?»

«ኢንሻአላህ እደርሳለሁ።»

«ካልደረስሽ አልቀየምሽም። ግን ሰው ሲጠይቀኝ አልዋሽም።»

ይህ ማለት ሸዋልን ሙሉ የሳዳ ካሜራ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል ማለት ነው። ሙሽራ ሁሉ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ሳዳ የሰጋችው ለእንጀራዋ ብቻ አልነበረም፤ የሐረር ሠርግ ሐረር ላይ አይሠራም ሲባል ደሟ ይፈላል።

አዲስ ኮምፒውተር የሚታሰብ አልነበረም። ያለውን ማስሮጥ ግን ይቻላል። ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ኦቨርክሎክ ይባላል፤ ሳዳ ከቴክኒክ ኮሌጅ ጀምሮ ስታነበው የኖረችው ነገር ነው። ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ሩጫውን የሚችል ሚሞሪና ሙቀቱን የሚያወጣ ማቀዝቀዣ። ፈረስ መጋላ ወደ እንደሻው የኮምፒውተር ዕቃ መደብር ሄደች።

«ሚሞሪ ፈልጌ ነበር።»

እንደሻው ሳያያት ወደ መሳቢያው ጎንበስ አለ። «ባዶውን ነው ዘፈን የተጫነበትን?»

«ኧረ የስልክ አይደለም! የዴስክቶፕ ራም።»

ሳቀና ቀይ ልብስ የለበሰ፣ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ራም አወጣ። «ያንቺማ ይኼ ነው። አንዱ የሁለቱን ሥራ ይሠራል። መልኩንስ አየሽው?»

ሳዳ መልኩን አላየችም። አንድ ትልቅ ሳይሆን ሁለት መንትያ ነው የፈለገችው፤ አንድ ፋብሪካ የሠራቸው፣ መጠናቸውም ፍጥነታቸውም እኩል የሆነ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ የመረጃው መንገድ ሰፊ ይሆናል። ፍጥነታቸውም እሷ ከምታሠራቸው ትንሽ ከፍ ያለ እንዲሆን ፈለገች፤ ለሚያድግ ልጅ ልብስ ሲሰፋ ለቀቅ ተደርጎ እንደሚሰፋው። መደርደሪያውን አስበርብራ ውበት የሌላቸውን መንትዮች አገኘች።

«እሺ፣ ማቀዝቀዣውስ?» አለ እንደሻው። «በውሃ የሚሠራ አለኝ። ውሃው በቱቦ እየዞረ ያበርደዋል።»

«ሐረር ላይ? እኛ ለፊታችን ያጣነውን ውሃ ኮምፒውተር ሊጠጣው ነው?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እንደሻውም አብሮ ሳቀ። ሳዳ የመዳብ ቱቦዎች ያሉት ረጅም ባለ ፋን ማቀዝቀዣ መርጣ ወጣች። ቤት ወስዳ ስትገጥመው ከመርዘሙ የተነሳ የሣጥኑ የጎን ክዳን አልዘጋ አለ። ይሁን፣ አየር እንደ ልብ ይገባል ብላ ክዳኑን አልጋ ሥር ከተተችው። ከዚያ ፍጥነቱን ጥቂት ጥቂት እየጨመረች፣ በየመሃሉ ሚሞሪውን እየፈተነች፣ ሙቀቱን እያየች ከፈለገችው ደረጃ አደረሰችው። ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ሆነ። ሳዳ ብቻዋን አጨበጨበች።

እናቷ ረሂማ በር ላይ ቆመው አዩት። «ልጄ፣ ይኼ ነገር ሆዱን ከፍቶ ነው የሚውለው?»

«ይሞቀዋል እማ።»

«ቢሞቀውስ! እንግዳ ይገባል እኮ።»

ሳዳ ስቃ ተወችው። ሠርጉ ሆነ፤ ቀረጸች፤ ቆርጣ ጨረሰች። ከምልሱ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠዋት ኮምፒውተሩን ማዋሃዱን አስጀምራ ሌላ ሠርግ ልትቀርጽ ወጣች። ከዐስር ሶላት በኋላ ስትመለስ ማሽኑ መሃል ላይ ጠፍቶ፣ ራሱን አስነስቶ ጠበቃት። ሚሞሪውን ጠረጠረች። ሌሊቱን አጠገቡ ቁጭ ብላ ስትፈትነው ምንም የለበትም። በማግስቱ ወጥታ ስትመለስ ያው ሆነ። እሷ ባለችበት እንደ ጨዋ ልጅ እየታዘዘ፣ ስትወጣ የሚያምጽ ማሽን! እንደሻው ዘንድ ሄዳ «መንትያ ብለህ የሸጥክልኝ መንትያ አይደለም» ብላ ጮኸችበት። ሰውዬው ራሷ እንደመረጠችው ቢምልም አልሰማችውም።

ምልሱ ነገ ነው። ፍጥነቱን ወደ ቀድሞው ብትመልሰው አይጠፋባትም፤ ግን አይደርስም። ቢስሚላህ ብላ እንደገና አስጀመረችና ወጣች። ፈረስ መጋላ ስትደርስ የካሜራ ባትሪ መርሳቷ ትዝ አላት።

ስትመለስ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ኮምፒውተሩ ከአናቱ እስከ እግሩ በአረንጓዴ ከፋይ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ዙሪያውን ተወትፎ፣ ፋኑ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል። ጨርቁን መንጭቃ አነሳችው።

«እማ! ስታፍኚው የሰነበትሽው አንቺ ነሽ?»

«ለእንግዳ ነው» አሉ ረሂማ፣ ደንግጠው። «ራቁቱን ሲያዩት አፍሬ። ሲሄዱ አነሳለታለሁ። በእጄ የጠለፍኩት ነው፤ ለአንቺ ሠርግ ያስቀመጥኩት።»

ሳዳ አፏ ላይ የደረሰውን ቁጣ ዋጠችው። እናቷ ማሽኑን አልናቁትም፤ ያላቸውን ምርጥ ልብስ ነበር ያለበሱት። «አየር ካጣ ይሞታል እማ» አለች ቀስ ብላ። «ነገ ሸምሲያ ፊት ምን ይዤ ልቁም?»

ረሂማ ጨርቁን አጠፉ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «ተነሱ፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል እንለፍ። እዚህ የልጄ ሥራ አለ፤ አየር ይፈልጋል።» እንግዶቹ ሲያልፉላቸው እሳቸው ግን ተመልሰው በሩ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀመጡ። «ሂጂ፣ ማንም አይጠጋውም።»

በምልሱ ቀን የሸምሲያ ቤት አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ፊልሙ ሲጀምር ልጆቹ ሳይቀሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ፤ ዘሀራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የሚታየው ላይ ሲደርስ ሴቶቹ በእልልታ ቤቱን አናወጡት። አንድ የሙሽራው ዘመድ ወደ ሸምሲያ ዘንበል ብሎ «ማሻአላህ፣ በሳምንቱ! ድሬዳዋ የትኛው ቤት ነው የሠራው?» አለ።

ሸምሲያ አፋቸውን ሳይከፍቱ ረሂማ ከመሃል ብድግ አሉ። በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ሴት እጃቸውን ዘርግተው ሳዳን አሳዩ።

«እሷ ናት። እዚሁ ጀጎል ውስጥ፣ እኔ ቤት ነው የተሠራው።»

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አያት። ሳዳ ካሜራዋን ትቀርጽበት ዘንድ ይዛው መጥታ ነበር፤ እናቷን ስታይ ግን መያዟንም ረሳችው። የእናቷን ያን ፊት ሳትቀርጸው ቀረች።