ምች ያለበት መርፌ አይወጋም

ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያስነጠሰ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእትዬ ማዕዛን በር ነው። ቀን ሜክሲኮ አደባባይ ካልሲና ጃንጥላ ትሸጣለች፤ ሲመሻሽ ደግሞ ሐኪም ነች፣ ያውም ማንም ያልሾማት። ለጉንፋን ፌጦ በሎሚ፣ ለሳል ዝንጅብል በማር፣ ለምች ዳማከሴ። የሚገርመው አብዛኛው ሰው ይድናል። ምን ያድርግ፣ ጉንፋን እንደሆነ በራሱ ጊዜ መጥቶ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፤ ምስጋናው ግን የማዕዛ ነው።

አንድ ነገር ላይ ቀልድ አታውቅም። «ምች ያለበት ሰው መርፌ ከተወጋ አለቀለት» ትላለች። ባሏ አብርሃ በትኩሳት ታሞ ክሊኒክ የገባ ዕለት መርፌ ተወጋ፤ ወደ ቤት የተመለሰው አስከሬኑ ነው። ልጇ መርሃዊት ያኔ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ይህን ቃል እየሰማች ነው ያደገችው።

እንግዲህ ኅዳር ገባ። መርሃዊት የስምንት ወር እርጉዝ ነች፤ ኦሎምፒያ ካለው ቢሮዋ እያስነጠሰች ተመለሰችና እሳት ሆና አደረች። ባሏ ታዲዎስ «እማማ፣ በቃ ሐኪም ቤት ብንወስዳትስ?» ቢላት፣ ማዕዛ «መርፌ ሊወጉብኝ? ምች ነው፣ አርፈህ ተቀመጥ» አለችው። ዳማከሴውን አሽታ አስሸተተቻት፣ ጋቢ ደራርባ ሸፈነቻት። ትኩሳቱ ወይ ፍንክች።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ ቆሻሻውን ከምሮ አቀጣጠለ። ኅዳር ሲታጠን ጭሱ በሽታ ያባርራል ይባል የለ? ማዕዛም ጭሱ ልጇ ዘንድ እንዲገባ የመኝታ ቤቱን መስኮት ወለል አድርጋ ከፈተችው። ገባላታ። መርሃዊትን ሳል ጀመራት፣ ሳሉም አልቆም አለ፣ ከንፈሯ ጠቆረ። አንድ ቃል ለመናገር እንኳ ትንፋሽ አጣች። መስኮቱ ቢዘጋ ምን ዋጋ አለው። ማዕዛ «ታክሲ ጥራ፣ ታዲዎስ፣ ታክሲ» አለች። «ሚካኤል አባቴ፣ እኔን አስቀድመኝ» እያለች ደረጃውን ወረደች።

ሐኪም ቤት የተቀበለቻቸው ሐኪም ልጅ እግር ነች። የመርሃዊትን ደረት አዳመጠች፣ ጣቷ ላይ መለኪያ ሰካች፣ ኦክስጂን አደረገችላት።

«ምች አይደለም እናቴ፣ ኢንፍሉዌንዛ ነው» አለቻት ማዕዛን። «ለብዙ ሰው ዕረፍት፣ ፈሳሽና ፓራሲታሞል ይበቃዋል። እርጉዝ ግን ገና ትኩሳት ሲጀምራት ነው መምጣት ያለባት። ለቫይረሱ የሚዋጥ መድኃኒት አለ፤ አሁን ግን ሳንባዋ ውስጥ ሌላ ኢንፌክሽንም ገብቷል። የእሱን መድኃኒት በደም ሥር ነው የምንሰጣት።»

መርሃዊት መርፌውን ስታይ ክንዷን ሰብስባ ደረቷ ላይ አጣበቀች። ታዲዎስ ለመናት፣ ሐኪሟ ለመነቻት፣ ወይ ንቅንቅ።

«እማዬ... አባዬን የገደለው... ይሄ አይደል?»

ማዕዛም እኮ መርፌውን ከልቧ ነው የምትፈራው፤ ልጇን ይዛ ብትወጣ በወደደች። የልጅቷ ደረት ግን እንደ ወናፍ ይርገበገባል፣ ሆዷ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነፍስ አለ። እንዲያው ልጇን ለማሳመን ብላ፣ የምትዋሽ መስሏት፣ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«አባትሽን መርፌ አይደለም የገደለው። ሐኪም ቤት ውሰዱኝ እያለ ሲለምነኝ፣ ዳማከሴ እያስሸተትኩ ቤት ያቆየሁት እኔ ነኝ። ክሊኒክ ሲደርስ አልቆ ነበር።»

ቃሉ ካፏ ሲወጣ ነው ውሸት እንዳልሆነ የገባት። አብርሃ እንዴት እንደለመናት፣ ድምፁ ሳይቀር፣ ጆሮዋ ላይ መጣ።

መርሃዊት እናቷን አየቻት። ከዚያ ክንዷን ለሐኪሟ ዘረጋች። ማዕዛ ሌላኛውን እጇን ልትይዝላት ብትጠጋ፣ መርሃዊት እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አስገባችው።