መዘውሩ ትንሽ ከብዶኝ ነበር

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። አዳማ እናቴ ቤት ነበርኩ፤ ከገመድ ላይ ልብስ እየሰበሰብኩ። በዚያ ሰሞን ነፋሱ አቧራ ስለሚያነሳ የታጠበ ነገር ውጭ አይውልም። ሦስት ነበሩ። ሲቪል የለበሰው ገመዱ ላይ የቀረውን ነጭ ሸሚዝ አየና የትከሻውን ማሰሪያ በጣቱ ነካ አደረገው።

«ባልሽ አብራሪ ነው?»

«አይደለም። የኔ ነው።»

ሳቀ። ስሜን ጠየቀኝ፤ ስነግረው ሳቁን ተወ።

እናቴ ከቤት ስትወጣ «ለትንሽ ጥያቄ ነው፣ እናት። ለእራት ትደርሳለች» አላት። አመነችው። እራቴን ከድና ስትጠብቅ እንዳደረች በኋላ ነው የነገረችኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ ሲሚንቶ ይቀመጥበት የነበረ ነው። ጥጉ ላይ እርጥበት አግኝቶት የደረቀ ከረጢት እንደ ድንጋይ ተገትሯል፤ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከወለሉ ብናኝ ይነሳና ጉሮሮ ይይዛል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የአዳማን የከሰዓት ሙቀት የሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከግድግዳው ባሻገር ወደ ጅቡቲ መንገድ የሚወጡ የጭነት መኪኖች ማርሽ ሲቀይሩ ይሰማል።

ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ በእኔ ዕድሜ ያለች ፀጉር ሠሪ ናት፤ የነዳጅ ሰልፍ ቀርፃ ስለለጠፈች የተያዘች። ሌላዋ በወለንጪቲ ገበያ ጤፍ የሚነግዱ እናት ናቸው። የፈለጉት ልጃቸውን ነው፤ ሲያጡት እሳቸውን ይዘው መጡ።

«ነይ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ከበሩ ራቂ፣ ሲከፍቱት ይመታሻል» አሉኝ እናትየው፣ ምንጣፋቸውን ለሁለት አጥፈው።

«በምን ገባሽ?» አለችኝ ፀጉር ሠሪዋ።

ሰው ፊት ማውራት ይከብደኛል። በትምህርት ቤት ዘመኔ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምለው ለራሴ ነበር። ቢሆንም እንደምንም ረዳት አብራሪ መሆኔን ነገርኳት።

«ወይኔ! ፓይለት አመጡልን! በቃ በመስኮት እንውጣ» አለች። ክፍሉ መስኮት የለውም።

ነገሩ የሆነው ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። የምሠራበት ትንሽ የግል ድርጅት አውሮፕላን ባለሥልጣናትን ወደ ስብሰባ ይዞ ተነሳ። የምናበረው ካፒቴኑና እኔ ነበርን። መሬት ለቀን ብዙም ሳንቆይ አፍንጫው በራሱ ወደ ላይ መቅናት ጀመረ። ትሪም የምንለው መዘውር አለ፤ አውሮፕላኑን አመዛዝኖ የአብራሪውን ክንድ የሚያሳርፍ። በራሱ ትንሽ ሞተር ይዞራል። ያን ቀን ማንም ሳያዘው ዞረና አልቆም አለ። እንደዚያ የቀና አውሮፕላን ፍጥነቱን ይጨርሳል፤ ፍጥነቱን የጨረሰ ደግሞ ይወድቃል።

«ስትደነግጡ ምን ትላላችሁ? ትጮሃላችሁ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«አንጮህም። አንዱ ያበራል፣ አንዱ ያነባል።»

«ምን? ዳዊት?»

እናትየው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቼክሊስት፣ ማለትም በችግር ጊዜ በተራ የሚደረገው ዝርዝር፣ መሆኑን አስረዳኋት። ካፒቴኑ መሪውን በሁለት እጁ ወደ ፊት ገፍቶ ያዘ፤ እኔ የመዘውሩ ሞተር ማቋረጫ ላይ ጣቴን አሳረፍኩና የማቋረጫውን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ። አልተጫንኩትም። እሱ ዞር ብሎ ጣቴን አየና «ትክክል» ካለ በኋላ ነው ያቋረጥኩት። ሞት እየመጣም ቢሆን እንዲህ ዓይነቱን ነገር ብቻችንን አንነካም፤ የደነገጠ ጣት የማይሆነውን ይነካላ። የመዘውሩ ሞተር ቆመ፤ መዘውሩ ራሱ ግን እዚያው ተነክሶ ቀረ። መሪውን ከለቀቅነው አፍንጫው ይነሳል። እየተፈራረቅን ገፋን። «ያዢልኝ» ይላል። «ይዣለሁ» እላለሁ። እስካልመለስኩለት ድረስ አይለቅም። ዞረን ወደ ተነሳንበት ተመለስን፤ ሁሉም በእግሩ ወረደ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ደረጃው ሥር ቆሞ «ስብሰባውን አበላሻችሁት» አለን።

«እና ጥፋተኛው ማን ነው ተባለ?» አሉ እናትየው።

«እኛ ማን አጠፋ አንልም። ምን ሆነ ነው የምንለው። ማታውን በአብራሪዎች የስልክ ግሩፓችን ላይ በድምፅ መልእክት ተነጋገርን። መጀመሪያ የሚናገረው ታናሹ ነው፤ ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የሱን ይደግማል ብለን። ያየውን፣ ያደረገውን፣ ያለፈውን ሳይደብቅ ይናገራል። በዚያ ማንም አይቀጣም። ነገ ሌላው እንዳይሞትበት ነው።»

«እንደዚህ የሚጠይቁበት አገር ካለ እኔንም አሳፍሪኝ» አሉ።

ጥቂት ቆይቶ ተጠራሁ።

መርማሪው በዕድሜ የገፋ፣ ትሑት ሰው ነበር። ውኃ አስቀመጠልኝ። «ልጄ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። አውሮፕላኑ የተመለሰው ስብሰባው እንዲሰናከል ነው፣ ከካፒቴኑ ጀርባ ሰዎች አሉ አለኝ። ያን ሰሞን መብራት ቢጠፋም ከጀርባው ሰው ይፈለግ ነበር። ስልኩን ከፈተና ከግሩፓችን የተወሰደ የድምፅ መልእክት አሰማኝ። ድምፁ የካፒቴኑ ነው፤ ደክሞት፣ ቀስ ብሎ ሲናገር፦

«ጠዋት ስሞክረው መዘውሩ ትንሽ ከብዶኝ ነበር። በልኩ ውስጥ ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛ አላልፈውም። እናንተም አትለፉት።»

«የማን ድምፅ ነው?»

«የሱ።»

«ያውቅ ነበር ማለት ነው።»

«እንደሱ ማለቱ አይደለም። ከልኩ ቢያልፍ አይነሳም ነበር። የተናገረው ሌሎቹ እንዲጠነቀቁ...»

ድምፄ ጠፋ። ሁልጊዜም ይጠፋል። እሱ ወረቀት ገፋልኝ። «ካፒቴኑ ብልሽቱን እያወቀ ሆን ብሎ መነሳቱን ከራሱ አንደበት ሰምቻለሁ» ይላል።

«እርስዎ ያጫወቱልኝ የሱን ብቻ ነው» አልኩት። «ከሱ በፊት የተናገርኩት እኔ ነኝ። እኔም ከብዶኝ ነበር ብያለሁ። የኔንም ያጫውቱት።»

«ያንቺ አያስፈልገንም» አለ፣ በጣም በደግነት። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ፈርሚና እናትሽ ጋ ሂጂ። ባትፈርሚ ግን እሱ የሚጠየቅበት ነገር ላንቺም ይተርፋል። እስከ ጠዋት አስቢበት።»

ስመለስ እናትየው ከቤታቸው ከመጣላቸው ቂጣ ከፍለው አስቀምጠውልኛል። ነገርኳቸው።

«ፈርሚና ውጪ በቃ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ከብዶኝ ነበር ብሏል አይደል? እሱ በአንቺ ቦታ ቢሆን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ይሸጥሻል።»

«አይሸጠኝም።»

«በምን አወቅሽ?»

መሪውን ሳይቀበሉት የማይለቅ ሰው መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው። ይህን ደግሞ በሲሚንቶ ክፍል ውስጥ ለማን ያስረዱታል? ያቃጠለኝ ግን ሌላ ነው። «ከብዶኝ ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። እሱ ብሎታል። አንድ ሰው ጓደኞቹ እንዳይሞቱ ብሎ በራሱ ላይ የተናገረውን ወስደው፣ ሌላውን ቆርጠው፣ ማሰሪያ አደረጉት። ሁሉንም ከራሳቸው ፈጥረው ቢጽፉ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

«እናቴ፣ እርስዎስ?» አልኳቸው። «ልጅዎ የት እንዳለ ቢነግሯቸው ይለቁዎታል?»

«ዛሬውኑ።»

«አያውቁም?»

ቂጣቸውን አላምጠው ጨረሱ። «አላውቅም» አሉ። «ባውቅም አላውቅም።»

ፀጉር ሠሪዋ ከዚያ በኋላ ስለ መፈረም አላነሳችም። ተጠግታ የተበጠበጠ ፀጉሬን ፈታችና እንደገና ትጎነጉነው ጀመር። «ነገ እዚያ ሰውዬ ፊት እንደ እብድ ሆነሽ አትቀርቢም፤ ሼም ነው» አለችኝ።

ያለ ክስ ነው የተለቀቅሁት፤ ቶሎ ግን አይደለም። ካፒቴኑም ከኔ በኋላ ተፈታ፤ አሁን አያበርም። ሞጆ አካባቢ ከወንድሙ ጋር የጭነት መኪና ያስተዳድራል አሉ። እኔ ሌላ ድርጅት ገብቼ አበራለሁ። የስልክ ግሩፑ አልተዘጋም፤ የበዓል መልካም ምኞት ይለጠፍበታል፣ «በሰላም ገባን» ይባልበታል። ከበደኝ የሚል ሰው ግን የለም። በቅርቡ አዲስ የተመረቀች ረዳት አብራሪ ለብቻዬ ደውላልኝ፣ አንድ አውሮፕላን ላይ የሆነ ነገር እንዳላማራት እያንሾካሾከች ነገረችኝ። «ለአለቃሽ ተናገሪ» አልኳት። «አንቺ ተናግረሽ የሆንሽውን ሰምቻለሁ» አለችኝ። የዚያ ክፍል ነገር ሲነሳ ሰዎች ድብደባ ነበረ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። እኔን ማንም አልነካኝም። የተነካው ይህ፣ «ከበደኝ» ማለቱ ነው።

እዚያ ክፍል ባደርኩ በማግስቱ ጠዋት እናትየው «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ?» ብለው ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተ። መርማሪው ያው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ወረቀቱ ተዘርግቷል፤ ስክሪብቶውን ራሱ አቀበለኝ። ለመናገር አልሞከርኩም። እሱ ካስጻፈው በታች በቀረው ቦታ ላይ፣ ቀስ ብዬ፣ በሚነበብ ጽሑፍ እንዲህ ጻፍኩ፦ «በዚያ ጠዋት መዘውሩን ከካፒቴኑ በፊት የሞከርኩት እኔ ነኝ። እኔም ከብዶኝ ነበር። በልኩ ውስጥ ስለነበር እኔም አልፌዋለሁ። ከላይ ያለው የኔ ቃል አይደለም፤ የኔ ቃል ይህ ነው።» ፊርማዬን ከዚህ ሥር አኖርኩ።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ደግነቱ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ይሄ አንቺንም ያስገባሻል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ወረቀቱን ጨምድዶ ወደ በሩ ዞረና «ሌላ ቅጂ አምጡ» አለ። አመጡ። በሁለተኛውም ላይ ያንኑ ጻፍኩ።