የተሰቀለ ሁሉ

ይታይሽ ጋፋት ላይ ጎጆ ከወጣች ጀምሮ ልጅ እንዳይነካባት የምትፈልገውን ሁሉ ግድግዳው ላይ ካለው ችካል ትሰቅላለች። ድሮ የምትሰቅለው ማር፣ ስኳርና ከሠርግ ቤት የመጣ ዳቦ ነበር። ዘንድሮ ባሏ ዓለምነው የአረም መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ አስቀድቶ ከገበያ ሲመጣ፣ የጠርሙሱን አንገት በሲባጎ አስራ እሱንም ከማሩ ጎን ሰቀለችው።

አንድ ቀን በረቱን ጠርጋ ወገቧን ይዛ ስትገባ፣ የሦስት ዓመት ልጇ አንለይ የእህል ጎታው ላይ ወጥቶ የጠርሙሱን ክዳን በጥርሱ ይታገላል። ነጥቃ አወረደችው። ልትመታው እጇን አነሳች፤ ግን ተወችው።

«አንተ መዓተኛ፣ ልትገድለኝ ነው? ምን ልትሠራ ወጣህ?»

«ላይ ያለው ይጣፍጣላ!» አለ እያለቀሰ።

መደቡ ላይ ዘጭ አለች። ለካ ያስተማረችው ራሷ ናት፤ በዚህ ቤት የሚጣፍጥ ነገር መቼ ታች ተቀምጦ ያውቃል?

መርዙን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው። ማሩን አውርዳ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«እንካ ጨርሰው! ብቻ እንዳትወጣብኝ» አለችው በደከመ ድምፅ።

አንለይ ማሩን አንዴ ላስ አደረገና፣ አንገቷ ላይ በተሰቀለው ቁልፍ ላይ ዓይኑን ተከለ።