ፊልሙ ላይ የሌለው ደብዳቤ

ሲኒማ ቤቱ ሁለት አዳራሽ አለው። ትልቁ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ የውጭ ፊልም ሲታይ ትርጉሙ ከሥር በጽሑፍ ይሄዳል። ምድር ቤት ያለው ትንሹ አዳራሽ ግን ጽሑፉ ለሚሮጥባቸው፣ መነጽራቸውን ቤት ለረሱና "ፊልም የገባሁት ላነብ ነው እንዴ?" ለሚሉ ሰዎች የተተወ ነው። እዚያ አንዲት ሴት ጥግ ላይ በርጩማ ስባ፣ ማይክራፎን ይዛ፣ ፊልሙ የሚለውን ሁሉ እግር በእግር እየተከተለች ወደ አገሩ ቋንቋ ትመልሳለች። ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም፣ ወንበዴውንም፣ ሞተሩንም የምትሆነው እሷ ናት። በዚህ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ስለቆየች ደንበኞቹ "አፈ ጉባኤ" ይሏታል። ሲጀመር ቀልድ ነበር፤ አሁን ግን ጎረቤቶቿ እንኳ እውነተኛ ስሟን ሲጠየቁ ትንሽ ማሰብ አለባቸው።

ሥራው አንድ ሕግ አለው። ከእሷ በፊት በርጩማው ላይ የነበረው ሰውዬ ሲያስረክባት፣ "የተባለውን በይ፣ ያልተባለውን ተዪው" ነው ያላት። ሌላ ምክር አልሰጣትም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ሕግ የጣሰችው አንድ ጊዜ ነው። ችግሩ፣ ያቺ አንድ ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ በቀን ሁለቴ መደገሟ ነው።

ፊልሙ ከአንድ ወፍራም ልቦለድ የተወሰደ የጠፈር ታሪክ ነው። አንዲት መሐንዲስ ከአባቷ ጋር ተኳርፋ፣ ላትመለስ በመንኮራኩር ወደ ሩቅ ኮከብ ትሄዳለች። የአባቷ ደብዳቤ የሚደርሳት አርጅታ ነው። የፊልሙ ሰዎች ነገሩን ቀለል አድርገው ሊይዙት አልፈለጉም፤ መንኮራኩሩን በቁሙ ገንብተው፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ የቀረው ሥራ ይዘው መጡ። ከተማው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም" ሲል፣ ግማሹ "ላም አለኝ በሰማይ ነው" አለ። ሳያዩ የሚከራከሩትማ የባሱ ነበሩ፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ።

አፈ ጉባኤ አዲስ ፊልም ሲመጣ ጠዋት ብቻዋን አንድ ጊዜ ታየዋለች። ይኼኛው ግን ቅጂው የደረሰው ተመልካቹ ወንበር ከያዘ በኋላ ነው። አልደነገጠችም፤ መጽሐፉን በሃያ ዓመቷ ከቤተ መጻሕፍት ተውሳ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። እውነትም ሁለት ሰዓት ተኩል ያለ እንከን ሄደች። ከዚያ መጨረሻው መጣ። መሐንዲሷ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ደብዳቤውን ከፈተች።

እንግዲህ የአስተርጓሚ ነገር እንዲህ ነው፤ ፊልሙ እንዳያመልጠው ተዋናዩ አፉን ሲከፍት አብሮ ይከፍታል። ጎበዝ የሆነ እንደሆነ በግማሽ ቃል ይቀድማል። አፈ ጉባኤ ጎበዝ ናት። ወረቀቱ ሲገለጥ "ልጄ ሆይ" ብላ ጀመረች። ፊልሙ ግን ጭጭ አለ። ደብዳቤው በፊልሙ ውስጥ አይነበብም፤ ለአሥራ አንድ ደቂቃ የሴትዮዋ ፊት ብቻ ነው የሚታየው። ድምፅ የለ፣ ሙዚቃ የለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። "ልጄ ሆይ" ተብሎ መቶ ሰው ጆሮውን ካቆመ በኋላ "ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው" ይባላል? ከልቦለዱ የምታስታውሰውን ደብዳቤ ማንበብ ቀጠለች።

"ልጄ ሆይ፣ ስትሄጂ በሩን የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ። ትክክል እንደነበርሽ በሁለተኛው ቀን አውቄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመት ሁሉ ኩራት ነው። ኩራት ደግሞ ቤት ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ምንም አያደርግም፤ ያረጃል እንጂ። ይቅር በይኝ።"

መጀመሪያ ከፊት ወንበር አንድ ሰው አፍንጫውን ጠረገ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ መቁጠር አልተቻለም። በሚቀጥለው ትርኢት ሰዎች በር ላይ "ደብዳቤው ያለበት ፊልም ይሄ ነው?" እያሉ መጡ። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት፣ ፊልሙን ጭራሽ ያላየው ሰውዬ፣ "ደብዳቤውን በደንብ አድርገሽ በይው" ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። አለችው። በማግስቱም አለችው።

ክርክሩ መልኩን የቀየረው ያኔ ነው። ፎቅ ላይ ያየው ሰው ወርዶ "ድርቅ ያለ ፊልም ነው፤ መጨረሻው ላይ አንዲት አሮጊት ዝም ብላ ታያለች" ሲል፣ ምድር ቤት ያየው ደግሞ "ደብዳቤውን አልሰማህም?" ይለዋል። "የምን ደብዳቤ?" "እንግዲያው ተኝተህ ነበር።" መድኃኒት ሻጩና ጡረታ የወጣው ፖስተኛ በዚህ የተነሳ ሰላምታ አቋረጡ። ሁለቱም ዓይናቸው ያየውን፣ ጆሯቸው የሰማውን ነው የተናገሩት፤ ምስኪኖች።

በዚያ በመጀመሪያው ትርኢት መጨረሻው ረድፍ ላይ የአፈ ጉባኤ ታላቅ ወንድም ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ አዲስ ፊልም በገባ ቁጥር ሱቁን ዘግቶ ይመጣል። እህቱ ስታወራ የሚሰማው እዚያ ብቻ ነው። ቤት ሲገናኙ እሱ አይናገርም፣ እሷ ደግሞ ስትናገር ውላ ድምፅ የላትም።

ይህ ሰው አንዲት ልጅ አለችው። እናቷ በልጅነቷ ስላረፈች፣ መርፌ መያዝ ያስተማራትም ፀጉሯን የጎነጎነላትም እሱ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ሳለ ልጅቷ የአንድ ደንበኛ ኮት ጨረሰችለት፤ እጅጌውን ግን በራሷ መንገድ ገጠመችው። ደንበኛው ለብሶት መስታወት ፊት እየተሽከረከረ "ይባርክሽ" ሲል አባት ከአልጋው ተነስቶ መጣ። ኮቱን አስወለቀው። ከዚያ መቀስ አንስቶ፣ በደንበኛው ፊት፣ ሁለቱንም እጅጌ ክር በክር ፈታው። "በእኔ ቤት እጅጌ እንዲህ አይገባም" አለ። ልጅቷ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። አሁን ሁለት መንገድ አልፎ የራሷ ሱቅ አላት። አባትና ልጅ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዳቸው ወደ ማዶ ይሻገራል፤ ተራ የገቡ ይመስል አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እሷ።

ፊልሙን ባየ በማግስቱ ሳይላጭ፣ ሳይቀመጥ እህቱ ቤት መጣ።

"ያን ፊልም ልጄ ማየት አለባት" አለ።

"ምን ልታደርግላት ጋሼ?"

"እኔ የምለውን ይልልኛላ! አጠገቧ ቁጭ እላለሁ፣ ደብዳቤው ይነበባል፣ ይገባታል። እኔ እንደሆንኩ አፌ አይፈታም፤ ታውቂኝ የለ? አንቺ ጥሪልኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው ማለት የነበረባት ያኔ ነው። ግን አራት ዓመት ሙሉ ስትለምነው "ልጅ ትምጣ እንጂ አባት ይሄዳል?" ሲል የኖረ ሰው በገዛ እግሩ ሲመጣ ማን ይመልሰዋል? ደግሞም ትንሹ አዳራሽ ከመጡላት ደብዳቤው በእጇ ነው። ደወለችላት። ልጅቷ "ላስብበት አክስቴ" አለች።

ረቡዕ ዕለት የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ ልቦለዱን በብብቱ ይዞ ሲኒማ ቤቱ መግቢያ ላይ ጠበቃት። ለሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ያዋሳት ሰው ነው፤ ለክርክሩ ዳኛ እንዲሆን ጠርተውታል።

"ደብዳቤው አለ" አለና ገጹን ገለጠላት። "አንብቢው።"

ቆማ አነበበችው። ሦስት ገጽ ነው። አባትየው ጣራው እንደሚያፈስ፣ ጉልበቱን እንደሚያመው፣ የጎረቤት ውሻ እንደማያስተኛው ይጽፋል። ከዚያ "ደህና ሁኚ" ይላል። አለቀ።

"ይቅርታ የሚል ቃል ካገኘሽበት ጥርሴን ነቅዬ እሰጥሻለሁ" አለ የቤተ መጻሕፍቱ ሰው። "የመጽሐፉ ቁም ነገሩ እኮ እሱ ነው፤ ሰውዬው አይለውም! ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ገብቷቸዋል። ለዚህ ነው ዝም ያሉት።"

"ታዲያ እኔ ያልኩትን ከየት አመጣሁት?"

"እሱንማ አንቺ ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። አራት ዓመት ሙሉ ዕቃ ስታጥብ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ወንድሟ ለልጁ ሊለው የሚገባውን በሆዷ ስትደረድር ኖራለች። አንዲት ቃል ሳይቀር የዚያ ነው። አፈረች። በሃያ ዓመቷ ሁለት ጊዜ ያነበበችውን መጽሐፍ የወንድሟ ጉዳይ አጥፍቶባታል።

በዚያው ቀን ከሰዓት ልጅቷ ደወለች። "እሺ፣ እመጣለሁ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ ትልቁ አዳራሽ። ትኬት ቆርጫለሁ፣ ላንቺም ጭምር።"

"ትልቁ? ምን በወጣሽ! ትንሹ ይሻላል፣ እኔ እያለሁ—"

"አይ አክስቴ። ትልቁ ነው የምፈልገው።"

አፈ ጉባኤ ስልኩን ዘጋች። ትልቁ አዳራሽ ማለት አሥራ አንድ ደቂቃ ዝምታ ማለት ነው። ወንድሟ የማይመጣ ነገር እየጠበቀ፣ ልጅቷ ለምን እንደተጠራች ሳታውቅ፣ ተያይተው ሊለያዩ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ እግሩን አያነሳም፤ ኩራተኛ ሰው አንዴ ሞክሮ ካፈረ በቃው።

አርብ ዕለት ልትነግረው ሱቁ ሄደች። ለቅዳሜ የሚለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። እሱ፣ የሰው ሸሚዝ እንጂ የራሱን ተኩሶ የማያውቀው፣ ኮሌታውን ገልብጦ፣ ውሃ ረጭቶ፣ እንደገና ገልብጦ። "ደብዳቤውን በቃሌ ያዝኩት" አላት ሳያያት። "እሷ ስትሰማ ፊቷን አላይም፤ ዝም ብዬ ወደ ፊት ነው የማየው። ምን ይመስልሻል?" አፈ ጉባኤ፣ በቀን ስድስት ሰዓት የምታወራ ሴት፣ "ጥሩ ነው" ብላ ወጣች።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱም ተቀመጡ፤ እሱ መሃል፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ። "እንደምነሽ" ብሏታል፤ "ደህና" ብላዋለች። ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ጽሑፍ አነበቡ።

መሐንዲሷ ደብዳቤውን ስትከፍት ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ኮሌታውን አስተካከለ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ወደ እህቱ ዞረ።

"የታለ?" አለ።

አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች። "የለም ጋሼ። እኔ ነኝ ያልኩት።"

"መጽሐፉ ላይስ?"

"መጽሐፉም ላይ የለም።"

ለትንሽ ጊዜ አፍጥጦ አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ ፊልሙ መጋረጃ መለሰ። አራት ደቂቃ። አምስት። ከፊታቸው አንድ ባልና ሚስት "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው" እያሉ ተነስተው ወጡ። ከጎናቸው ደግሞ አንድ ወጣት ትንፋሹን ውጦ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። አፈ ጉባኤ ማንንም አላየችም። ደቂቃዎቹን በቃሏ ስለምታውቃቸው ትቆጥራለች፤ ሰባት፣ ስምንት። ወንድሟ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ተገትሯል። አሁን ተነስቶ ይወጣል ብላ ጠበቀች።

"ያ ኮት" አለ ልብስ ሰፊው።

ማውራት ያልለመደ ሰው ማንሾካሾክም አይችልም፤ ሦስት ረድፍ ሰማው።

"ያ ኮት... እጅጌው ልክ ነበር። ከእኔ ይሻል ነበር። ለዚህ ነው የፈታሁት።"

ከኋላ አንድ ሰው "እባካችሁ ዝም በሉ!" አለ።

"ተወን ወንድሜ" አለ ልብስ ሰፊው ሳይዞር። "አራት ዓመት ዝም ብለናል።"

ልጅቷ ወደ መጋረጃው አታይም ነበር። መብራት ቢበራ ኖሮ፣ ደብዳቤው ከተከፈተ ጀምሮ የአባቷን ፊት ስታይ እንደነበር አፈ ጉባኤ ባየች።

"ማክሰኞ የአክስቴ አዳራሽ መጥቼ አይቼዋለሁ" አለችው። "ደብዳቤው የእሷ መሆኑን ወዲያው ነው ያወቅኩት። አንተ እንደዚያ አታወራም።"

"ታዲያ እዚህ ለምን አመጣሽኝ?"

"ማንም በማይልልህ ቦታ ምን እንደምትል ልሰማ" አለችና እጇን ጉልበቱ ላይ ባለው እጁ ላይ አደረገች።