ከካሳ በፊት የተወለደው

እንጅባራ መናኸሪያ አንዲት እናት «ካሳ!» ብላ ስትጣራ ዘወር አልሁ። የጠራችው ትንሽ ልጇን ኖሯል።

ልጅ ሳለሁ አስተማሪያችን ሁለት ነገሥታት ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ይባሉ እንደነበር ነገረችን። ደረቴን ነፍቼ ቤት ስደርስ፣ አያቴ ላብ ላብ የሚሸት ፈረሳቸውን በሣር ያሹ ነበር።

«አባባ፣ ስሜ የንጉሥ ስም ነው!» አልኋቸው።

እጃቸው ቆመ። «ካሳ የሚባለው ታላቁ ሲሞት በምትኩ የተወለደ ልጅ ነው። አንተም ወንድም ነበረህ። እነዚያን ነገሥታት የወለዱትስ እናቶች ማንን ቀብረው ይሆን?» አሉኝ።

እናቴ ጓዳ ሆና ሰምታለች። ለራት ስትጠራኝ «ልጄ» አለችኝ እንጂ ስሜን አላነሳችም።

መናኸሪያው ላይ ልጁ እየሮጠ መጣላት። እቅፍ አድርጋው ሳለ ዓይኗ የመጣበትን መንገድ ያያል፤ ከኋላው ሌላ ልጅ የቀረ ይመስል።